ያላጠፋውን ልጄን አጥፍቷል ያልሁበት ወረቀት

ልጄ ሞጣ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ እኔ የምኖረው ቢቸና ነው። አንድ ቀን «ልጅዎ ሰው ገጭቶ ታስሯል» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶብስ ሄድሁ። ስደርስ በዋስ ተለቆ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን እጄን ይዞ አልለቅም አለ።

«አባባ፣ እኔ ቆሜ ነበር» አለኝ። «ሰው እያወረድሁ ነው። ሰውዬው በግ ይዞ ከገበያ ሲመጣ በጉ ገመዱን መንጭቆት ሮጠ። እሱም በጉን ብቻ እያየ ሲሮጥ ከባጃጁ ጋር ተላተመና ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ያየ ሰው አለ?»

«መንገዱ ዳር ጌሾ የምትሸጠው ሴት አይታለች።»

ሴትዮዋ ዘንድ ሄድን። ጌሾዋን እያገላበጠች «ባጃጁማ ቆሞ ነበር» አለች። «ጥፋቱ የበጉ ነው፤ በጉን ይክሰሱት! ከጠራችሁኝ መጥቼ እናገራለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይኸን ሁሉ ለማውራት አልደክምም ነበር። እኔ ግን የፈራሁት ፍርድ ቤቱን አልነበረም። የፈራሁት የሰውዬውን ወንድሞች ነው። አምስት ናቸው፤ መሣሪያም አያጡም። የልጄ ሚስትና ልጆች ደግሞ እነሱ ገበያ በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ሽማግሌና ቄስ ለመንሁ። ልጄ «ጠበቃ እናማክር» ቢለኝ «እውነት ላለው ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል? አርፈህ ተቀመጥ!» አልሁት።

ለዕርቅ የሄደ ሰው ክርክር አይገጥምም። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍተናል፣ ማሩን» ይላል። አጠፋም አላጠፋም ይላል። የተጎዳ ሰው ቤት ገብቶ «ጥፋቱ የበግህ ነው» የሚል ታራቂ አይቼ አላውቅም። ይኸን ሽማግሌዎቹም ያውቁታል፣ ቄሱም ያውቁታል፣ ራሱ የተሰበረውም ያውቀዋል። ልጄ «ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ አልልም» ብሎ እምቢ አለ። በእሱ ፈንታ ድንጋዩን እኔ ተሸከምሁ። «ልጄ እየበረረ መጥቶ ገጭቷል፤ በድለናል» ብዬ መስቀል ተሳለምሁ። ሰውዬው መደቡ ላይ እንደተኛ «ይነሡ አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። ወንድሞቹም ተነሥተው ሳሙኝ። አለቀ አልሁ በልቤ።

ዕርቁን ልናስጽፍ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ከሚጽፉት ወደ አንዱ ሄድን። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝ።

«አባት፣ ‹በፍጥነት እያሽከረከረ ገጭቷል› ብዬ ልጻፈው? ልጁ ክስ አለበት እኮ!»

«የተባለውን ጻፍ! ዕርቅ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?»

ጻፈ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለስሜ ያህል ነው፤ ስሜን አኖርሁበት። ሽማግሌዎቹ አሻራቸውን አደረጉ። ወረቀቱንም ራሴ ወስጄ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠሁት። «ብትታረቁም የመንግሥት ክስ አይቀርም» አለኝና ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አያያዘው። እኔ አልገባኝም። ጌሾ ሻጯንም «ታርቀናል፣ አትልፊ» አልኋት። እሷም የወለደች ልጇን ልታርስ ባሕር ዳር ሄደች።

የችሎቱ ቀን የተሰበረው ሰውዬ በምርኩዝ መጣ። ባጃጁ ቆሞ እንደነበር ሲጠየቅ «እኔ በጉን ነው የማየው፤ አላወቅሁም። ደግሞስ ታርቀናል» አለ። ከዚያ የእኔ ወረቀት ተነበበ። የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ። ዳኛዋ፣ ልጄን የምታህል ሴት፣ መከላከያ ምስክር እንዳለው ጠየቀችው። «የለኝም» ሲል እኔ ተነሣሁ።

«ጠበቃው ደረሱ!» ብሎ አንዱ ከኋላ አሾፈ።

አስማሉኝና የዕርቁን ወግ ነገርኋቸው። ባጃጁ ቆሞ እንደነበር ነገርኋቸው። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ይዞ ቀረበኝ።

«አባት፣ ይኸ ስም የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አደጋው ሲደርስ በቦታው ነበሩ?»

«አልነበርሁም።»

«ቄሱ ፊት ‹እየበረረ መጥቶ ገጭቷል› ብለው መስቀል ተሳልመዋል ወይስ አልተሳለሙም?»

«ተሳልሜአለሁ። ግን ያ የዕርቅ ነገር ነው!»

«እንግዲያው የዋሹት የቱ ጋ ነው? መስቀሉ ፊት ነው ወይስ እዚህ?»

 መስቀሉ ፊት ዋሽቻለሁ ብል ከወንድሞቹ ሁለቱ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። እዚህ ዋሽቻለሁ ብል ልጄን በአፌ አሰርሁት። ዳኛዋ «ይመልሱ እንጂ፤ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ» አለች። አንዴ ወንድሞቹን፣ አንዴ ልጄን አያለሁ። እኔ፣ ነገር የማላጣ ሰው!

ያን ጊዜ ልጄ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባቴን ይተዉልኝ። እየበረርሁ ነበር። ጥፋተኛ ነኝ።»

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህሁ። ፖሊሱ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

እስራቱ በገደብ ሆነለት፤ መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ታገደ። ሰዎች «በቀላሉ ተገላገላችሁ» አሉን። ወንድሞቹም እስከ ዛሬ ለልጄ ክፉ አልተናገሩትም። ይኸንን አልክድም።

ስድስት ወሩ አልፎ ፈቃዱ ተመለሰለት። ባጃጁ ግን ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ዶሮ ሰፍሮበት አገኘሁት። እሱ እህል ተራ ጆንያ እየተሸከመ ይውላል፤ እዚያው ሄድሁ።

«ለምን አትነዳም?» ብዬ ተቆጣሁት።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «ያን ቀን ባጃጁ ቆሞ ነበር አይደል?»

«አንተው አይደለህ የነገርኸኝ?»

«ነግሬዎታለሁ። አሁን ግን መሪውን ስይዝ የሚታየኝ እየበረርሁ ስገጨው ነው።»

«ቆሞ ነበር!» አልሁት። ደግሜም አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ጆንያውን አነሣ። የትኛውን ቃሌን ይመን?