አባቴን ከመሬት አላስነሳም ያልሁበት ጠዋት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ፋሲካ ጠዋት፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ በሬ በመንገድ ሲያልፍ ሳይ ሮጬ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ግን ደግሞ ስለዚያ ቀን ባወራሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ እህቴ። ሕይወት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። ፈተና በደረሰ ቁጥር የምታጠናው በእኔ ጀርባ ላይ ነው። በሆዴ ታስተኛኝና አከርካሪዬን በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ትስለዋለች። እየኮረኮረኝ ስስቅ፣ «ዝም በይ፣ ሬሳ ነሽ!» ትለኛለች።

ሬሳ ሆኜ ብዙ ተማርሁ። በደረት በኩል ያሉት አሥራ ሁለቱ አከርካሪዎች በጎድን አጥንት ስለተያዙ እንደ ልብ አይታጠፉም። ከእነሱ በታች ያሉት አምስቱ የወገብ አጥንቶች ግን ወፍራምም ነፃም ናቸው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች በጅማት ተጠፍረዋል። ግራና ቀኝ ደግሞ ረጃጅም ጡንቻዎች ወጥረው ይይዟቸዋል። «በሬ ላይ ሽንጥ እያላችሁ የምትጣሉበት እኮ ይኸው ጡንቻ ነው» ብላኛለች ሕይወት። በአጥንቶቹ ውስጥ ለውስጥ ሰረሰር ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ መራመድ የለም።

ወደ በሬው ልመለስ።

ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ደመወዝተኞች ናቸው። ለፋሲካ ተዋጥተው በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገባሉ። ያን ጊዜ የመጣው ከቆላ ድባ ገበያ የተገዛ ቀይ በሬ ነበር። አባቴ ገና ሲያየው፣ «ይሄ ሥጋ ብቻ አይደለም፣ ጠብም አለው» አለ።

ሥጋው እንዲደለደልበት አንድ የእንጨት በር ተነቅሎ፣ ቅጠል ተነጥፎበት መሬት ላይ ተቀምጧል። ወንዶቹ በሬውን ለመጣል እግሩን በገመድ ጠልፈው ጎተቱ። አባቴ ቀንዱን ይዟል። አራጁ መጥረቢያውን አጠገቡ አስቀምጦ ቢላዋውን ይስላል። እኔና እናቴ ደረጃው ላይ ቆመን እናያለን። ሕይወት ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች የለችም።

ገመዱ ተበጠሰ።

በሬው አንገቱን አንዴ ወዘወዘ፤ አባቴ ወደ ላይ ተወረወረ። እውነቴን ነው፣ እንደ ጨርቅ ነው የበረረው። የውኃ ገንዳው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በጀርባው ወደቀና ወደ መሬት ተንሸራተተ። ወገቡ ቀጭ ሲል ከደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት።

በሬው አላበቃም። አራጁን ጭኑ ላይ ወጋው፤ ደሙ በነጭ ልብሱ ላይ ወረደ። የቆርቆሮውን አጥር በግንባሩ ደበደበው። የልብስ ማስጫውን ሽቦ በቀንዱ ጠምጥሞ፣ የጎረቤት አንሶላ እያውለበለበ ግቢውን መዞር ጀመረ። ሴቱ ይጮኻል። ወንዱ በአጠና ይደበድበዋል። በመቱት ቁጥር ይብስበታል።

አባቴ የወደቀው በሬው የሚዞርበት መንገድ ላይ ነበር። የጎን ጎረቤታችን ጋሽ መኳንንት ወደ እሱ እየሮጡ፣ «ብብቱን ያዙ! ጎትቱት!» አሉ።

ወዲያው የታየኝ ሰረሰሩ ነው። የተሰበረውን ወገብ በብብት ጎትተው ቢያጥፉት፣ የአጥንቱ ስባሪ ገብቶ ይቆርጠዋል። ደረጃውን ዘልዬ ወረድሁ።

«አትንኩት! ወገቡ ተሰብሯል!»

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ! በሬው ይጨርሰዋል!»

«ጋሽ መኳንንት፣ ከጎተቱት ሁለተኛ አይራመድም!»

«ዞር በይ ብያለሁ!» ብለው እጃቸውን ብብቱ ሥር አስገቡ።

ነከስኋቸው። ክንዳቸውን፣ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪሰማኝ ድረስ ነከስሁት።

«ወይኔ! ልጅቱ አበደች!» ብለው አባቴን ለቀቁት። እናቴ ከደረጃው ላይ፣ «ኧረ በማርያም! በፋሲካ ሰው ትበያለሽ?» ትላለች፤ እያለቀሰች።

ተንበርክኬ የአባቴን ጭንቅላት በሁለት እጄ ያዝሁ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ልቀቂኝ፣ ልነሳ» ይላል።

«አትነሳም! የእግርህን ጣት ብቻ አንቀሳቅስ።»

«አንቺ አባትሽ ነኝ እኮ!»

«አባዬ፣ ጣትህን!»

የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ የግራው። እኔም ማልቀስ ጀመርሁ፤ ግን ጭንቅላቱን አልለቀቅሁም። «በሩን አምጡ!» ብዬ ጮኽሁ። ያን ሁሉ ወንድ አዘዝሁ፤ ደግሞ ታዘዙኝ! ቅጠሉን ደፍተው በሩን አመጡ። ሌሎቹ በሬውን በአጠና ወደ አጥሩ ጥግ ገፍተው ይዘውታል።

«ትከሻውና ዳሌው እኩል ይዙሩ። እንዳይጠመዘዝ። እንደ ግንድ አድርጋችሁ!» አልሁ። ጋሽ መኳንንት ክንዳቸው እየደማ ዳሌውን ያዙ። በጎኑ አዙረነው በሩን ከሥሩ አስገባን፤ መልሰን አስተኛነው።

ልናነሳው ስንል በሬው ዞሮ ቆመ። አንሶላው አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል፤ በሌላው ወደ እኛ ያያል። ጎንበስ አለና መጣ። በሩን ሊያነሱ የነበሩት ሁሉ ተበተኑ። እኔ አልሮጥሁም። ጀግና ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ፤ እጄ አልላቀቅ ብሎኝ ነው። ዓይኔን ግን አልጨፈንሁም።

አራጁ በአንድ እግሩ እያነከሰ ከጎን ደረሰና መጥረቢያውን የበሬው ማጅራት ላይ አሳረፈው። አንዴ፣ ደገመው። የበሬው አራት እግር በአንድ ጊዜ ከዳው፤ እኔ ፊት ተደፋ። ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው፤ ዓይኑ ገና ይንቀሳቀሳል፣ ከአንገቱ በታች ግን ምንም የለም። ሰረሰር ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ። አራጁ «በስመ አብ» ብሎ አንገቱን ቆረጠው፤ ደሙ ቀሚሴን አለበሰው።

አባቴን በሩ ላይ እንደተኛ በፒክአፕ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ራጁን እያሳየን፣ የመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ተሰንጥቋል፣ ከኋላ የሚያስረው ጅማት ግን አልተበጠሰም፣ ሰረሰሩም አልተነካም አለ። ግትሩ የደረት አከርካሪ ከሚታጠፈው ወገብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ፣ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው።

«በበር ይምጣ ያለው ማን ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ይቺ የነከሰችኝ ናት» አሉ ጋሽ መኳንንት፣ የታሸገ ክንዳቸውን እያሳዩ።

አሁን ሰፈር ውስጥ ሲያወሩ በሩን አምጡ ያሉት እሳቸው ናቸው። ይሁንላቸው፤ ንክሻውስ የእኔ ነው።

አባቴ በማግሥቱ አልጋው ላይ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀው ድርሻውን ነው። «ሊገድለኝ የነበረውን እኔ ሳልቀምሰው ሊያልቅ?» አለ። እናቴ ጥብሱን ሠርታ አመጣችለት፤ እሷ ግን ሥጋ ሳትቀምስ ፋሲካው አለፈ።

ለወራት ወገቡን በመታጠቂያ አስሮ ከረመ። ሕይወት የጀርባውን ጡንቻ በስፖርት አጠነከረችለት። ዛሬ ሥራውን ይሠራል፤ እሑድ እሑድ በሐይቁ ዳር አብረን እንሄዳለን። አንዳንዴ ሆን ብዬ ከኋላ እቀርና ሲራመድ አየዋለሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የሚያየኝ ሰው ብቻዋን የምትስቅ ሞኝ ይለኛል።

አባቴ ዞር ይልና፣ «ምን ያስቀርሻል አንቺን? ነይ እንጂ!» ይለኛል።

እሮጥና እቀድመዋለሁ። እሱም ለመቅደም ይሞክራል።