በፉጨት የፈተንኩት ሬዲዮ

እና ምን ይሁን ነው የምትሉኝ? ሦስተኛ ክፍልን በመስኮት ያየ ሰው የመገናኛ ሬዲዮ ይፈትሻል ወይ ነው? አዎ፣ ይፈትሻል! ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ከወሎ አምጥተው አሶሳ ገጠር፣ ሰፈራ ጣቢያ ያራገፉን ክረምት ወባ ወረደብን። ታናሽ እህቴ ሣር ጎጆ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፣ ክኒን አልቋል። ተስፋችን በመኪና ባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ነው፤ አሶሳ ከተማ ያለው ሰውዬ ሰምቶ መድኃኒት እንዲልክ። የኛ ኦፕሬተር የወለጋ ልጅ ነው፤ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል።

«ወባ! ወባ ነው! ተቀበል!»

«ማን ገባ? ሽፍታ ነው የገባው? ተቀበል!»

«ኧረ ወባ!»

«እኮ ማነው የገባው?»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬ ቀደመው።

«ጓድ» አልኩት፣ «መጋዘን ያለውን ትንሽ ማዳመጫ ሬዲዮ ይዘህ ከግድግዳው ጀርባ ሁንና የኛን ድምፅ ፈልግበት። እኔ እዚህ መናገሪያው ላይ አፏጫለሁ።»

«እህትህ እየሞተች ታፏጫለህ? አበድክ እንዴ?»

ፉጨት እኮ አንድ ድምፅ ነው፤ ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት ወዲያው ያስታውቃል። በፉጨት ደግሞ እኔን የሚያህል እስከ ሱዳን ድንበር የለም። በኃይል ለቀቅኩት።

«ምን ሰማህ?»

«ያንተ ፉጨት አለ፣ በላዩ ሌላ ቀጭን ፉጨት፣ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ!»

ቀስ አድርጌ ደገምኩት።

«አንድ ብቻ! ጥርት ያለ!»

ለካ ድምፁን የሚሰባብረው ጩኸታችን ነው! የኦፕሬተሩ ጉሮሮ ስለተዘጋ መናገሪያውን እኔ ያዝኩ። ልቤ ጩህ ጩህ እያለኝ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ «ወባ ነው… ክኒን ላኩልን… እህቴ እየሞተችብኝ ነው… ተቀበል» አልኩ።

«ወባ! አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። ክኒን አለ። መኪና ግን ጭቃው አያሳልፍም፤ መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ተቀበል።»

በሐምሌ መንገድ እስኪደርቅ! ምን ብዬ ልቀበል? መናገሪያውን ጥዬ ወጣሁ። ከጎረምሶቹ ጋር ቃሬዛ አሰርን፣ እሷን ተሸክመን በዚያ ጭቃ አሶሳ ብለን ወጣን። አልደረሰችም።

ጉራ ነው በሉ እንግዲህ። ቃሬዛውን አብረውኝ የተሸከሙት አሉ፣ ሂዱና ጠይቋቸው! የት እንዳወረድናትም እነሱ ይንገሯችሁ፤ እሱን እኔን አትጠይቁኝ።