የተነካችው ቁልፍ አድራሻ

ከጋይንት ወጥቼ ድሬዳዋ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ጸሎቴ ረክሷል። ድሮ የምለምነው ስለ ነፍሴ ነበር። ያን ሰሞን ግን፣ ጾመ ነቢያት ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው፣ ጠዋት ጠዋት እመቤቴን የማስቸግራት ስለ አንዲት ቁልፍ ነበር። የበር ቁልፍ አይደለችም፤ ስክሪን ላይ በጣት የምትነካ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነገር። "ስትነካ የት እንዳለች በትክክል ትናገርልኝ" እላለሁ። ስንት የታመመ፣ ስንት የታሰረ ደጇን እየጠና፣ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች እንጃ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ግድግዳው በሙሉ መሳቢያ ነው፤ በየረድፉ ሰባት ሰባት ሆኖ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እኔ ያንኑ ግድግዳ ስክሪን ላይ በቁልፎች እሠራለሁ። ባለቤቱ አንዷን ሲነኩ፣ ፕሮግራሙ ረድፏንና ዓምዷን አውቆ መሳቢያው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ያሳያል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አለቃዬ የድሬ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። "ሐሙስ ባለቤቱ አይተው ከወደዱት ዓርብ ማለዳ ተሳፈሪ" አለችኝ። "ካልወደዱት ግን ልደትን ከእኔ ጋር ነው የምታከብሪው። እኔ ደግሞ ሙስሊም ነኝ አቦ!"

እኔ እንኳ የምቀርበት ዓመት አልነበረም። የማኅበሩ ጽዋ አባቴ እጅ ገብቶ፣ የልደት ድግስ እኛ ቤት ነው። እናቴ ደወለች።

"ዘንድሮም ልትቀሪ ነው? መንገዱ እንደሁ ደህና ሆኗል ይላሉ።"

"ሥራው አላልቅ ብሎኝ ነው እማየ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሰው ቁልፍ ሲነካ የትኛዋን እንደነካ ማወቅ።"

"የነካው ሰውየ አያውቅም?"

"ያውቃል እንጂ።"

"እንግዲያ እሱን ጠይቂውና ነይ!" ብላ ዘጋችብኝ።

ጠንቃቃ ነኝ እላለሁ፤ ጨው እንኳ ሁለቴ ሳልቀምስ አልጨምርም። የመጀመሪያውን ረድፍ እያማተብኩ አንድ በአንድ ነካሁ፤ ሁሉም ልክ። ከዚያ በመሃለኛው ዓምድ ቁልቁል ወረድኩ፤ እሱም ልክ። ተመስገን ብዬ አለቃዬን ጠራሁ። መጣችና ከሁለተኛው ረድፍ የቀኝ ዳሯን ነካች፤ የሳል ሽሮፕ ያለባትን። ፕሮግራሙ የግራ ዳሯን ከፍቶ የኮሶ መድኃኒት ይዞ ብቅ አለ።

"ሰውየው ስሎ ይመጣል፣ እየሮጠ ሽንት ቤት ይገባል" አለች። "ሳሉ ግን አብሮት ይገባል።"

ሦስተኛው ረድፍ ጤነኛ ሆነ። አራተኛው ደግሞ ቀኙን ግራ ይላል። አንዱ ደህና፣ አንዱ እብድ። ቦርሳዬ ውስጥ ከአገሬ ደብር ከቤተ ልሔም የመጣ ጠበል ነበረኝ፤ ልረጨው ከጅሎኝ ነበር፤ የመለሰኝ ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው።

"እስቲ እንዴት እንደደረደርሻቸው አሳዪኝ" አለችኝ ወንበሯን ስባ።

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደረግሁ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ከግራ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ዳር ስደርስ አንድ ረድፍ ወረድኩና ከቀኝ ወደ ግራ መመለስ ጀመርኩ።

"ቆይ ቆይ! ጣትሽ ለምንድን ነው ከዚያ የተመለሰችው?"

"ታዲያ በሬዎቹን ባዷቸውን ልመልሳቸው?"

አፈጠጠችብኝ። "የምን በሬ?"

እኔም ያኔ ነው የሰማሁት፣ ምን እንዳልኩ። እኛ አገር አራሽ ዳር ሲደርስ በሬዎቹን አዙሮ ቀጣዩን ትልም እያረሰ ይመለሳል። ወደ መጀመሪያው ዳር በከንቱ ነድቶ የሚሄድ ቢኖር መንደሩ ይስቅበታል። እጄ ለቁልፎቹ ቁጥር የሰጠው ልክ እንደዚያ እየተመለሰ ነው። ዓምዱን የሚያወጣልኝ ስሌት ግን ሁሉም ረድፍ ከግራ እንደሚጀምር አምኖ ለሰባት ያካፍላል። የመሃለኛዋማ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም መሃል ናትና፣ ምን ትሳሳት!

አለቃዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እናንተ ጋ ኮምፒውተርም ይጠመዳል በይኛ!"

"ዝም በይ፣ የአስፋልት ልጅ! ጤፍ ዛፍ ላይ የሚበቅል የሚመስልሽ!"

ስሌቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። እያንዳንዷን ቁልፍ ስሠራ ረድፏንና ዓምዷን በእቅፏ ሰጠኋት፤ ስትነካ የራሷን ትናገራለች፣ የሚካፈልም የሚቀነስም የለም። ከዚያ ሁሉንም፣ አዎ ሁሉንም፣ ነካሁ።

ሐሙስ ባለቤቱ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ሚስማር የሚመቱ ይመስል ስክሪኑን ይወጉት ጀመር። የሳል ሽሮፕ፤ መጣ። የኮሶ መድኃኒት፤ ከቦታው መጣ። እኔ ጠረጴዛው ሥር መቁጠሪያዬን እያንከባለልኩ እግዚኦታ ላይ ነኝ። ያለ የሌለውን ነክተው ሲያበቁ ቀና አሉ።

"ጎበዝ። ግን ቁልፎቹ አረንጓዴ ቢሆኑ አይሻልም?"

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረች። አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት።

"ጋሼ፣ አረንጓዴ መልካም ነው። ግን ከልደት በኋላ ነው የሚያምርብዎት።"

"አገርሽ የት ነው?"

"ጋይንት።"

"ኧረ ሩቅ ነው! ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አሉ፣ እኔ ያዘገየኋቸው ይመስል።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ነጠላዬን አነሳሁ።

"ዓርብ ማለዳ ነው ያልኩሽ፤ ዛሬ ገና ሐሙስ ነው አቦ!" ስትል ደረጃው ላይ ነበርኩ።