ባዶው የኋላ ወንበር

መኪና መንዳት የምታስተምረውን ሴት ተማሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል፤ በአስተማሪው ወገን ካለው ፍሬን ላይ እግሯ አይጠፋም። ታላቅ እህቷም በዚሁ ስም ታሾፍባታለች፤ «ወንድ ሊቀርብሽ ሲል ቀጥ ታደርጊያለሽ። አርባ ሞላሽ እኮ! እስቲ አንዴ ልቀቂው።»

ዘንድሮ ለቀቀችው። በስልክ የተዋወቀችው ሰውዬ ጨዋታ አዋቂ ነው። ለእናቱ አንድ መሆኑን፣ አግብቶም ወልዶም እንደማያውቅ ነግሯታል። ማታ ማታ ስልኩ ይዘጋል፤ እንቅልፍ ቢወድ ነው ብላ አለፈችው። ቤቱን አላሳያትም፤ «እድሳት ላይ ነው» አላት፣ አመነች። እሱ ወደሚዛወርበት ከተማ አብራው ልትሄድ፣ በወሩ መጨረሻ ሥራዋን እንደምትለቅ ለአለቃዋ ተናግራለች።

እሑድ በማስተማሪያዋ መኪና ለሽርሽር ሲወጡ መሪውን ለእሱ ሰጥታ እሷ የለመደችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከአንድ ግቢ ኳስ ተንከባልሎ መንገዱ ላይ ወጣ። ከኳስ ኋላ ልጅ እንደሚከተል ታውቃለችና ከእሱ ቀድማ ፍሬኑን ረገጠችው። መኪናዋ ቀጥ ስትል የሰውዬው ቀኝ እጅ ወደ ኋላ ተወረወረ።

«ማሚዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ፣ ባዶውን የኋላ ወንበር ደግፎ።

ኳሱን የተከተለ ልጅ አልነበረም። እሷ ተማሪዎቿን እንደምትጠይቅ ሁሉ ረጋ ብላ፣

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለችው።

«አምስት» ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። «የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው።»

«የየትኛዋ እህትህ? ለእናትህ አንድ አይደለህ እንዴ?»

ግንባሩን ጠረገ። «ላስረዳሽ፣ የኔ ቆንጆ። ከእናትየው ጋር ያው አንድ ቤት ነን እንጂ…»

«መጀመሪያ ፍሬቻ አሳይ። ጥግ ያዝ። ከዚያ ውረድ።»

አሳየ፣ ጥጉን ያዘ፣ ወረደ።

ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻግራ መሪውን ጨብጣ እንባዋን ጠበቀች፤ አልመጣም። መውለዱማ ምን ነውር አለው? ልጅቱን መካዱ ነው እንጂ። እሷም የምትካድበት ተራ መድረሱ አይቀርም ነበር። ረጅም ትንፋሽ ወጣላት፤ ትከሻዋ ቀለላት። ለአለቃዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቦታዬን ለሰው ሰጡት እንዴ?»

«ማን ይቀበለኛል! ያቺ ማርሽ የምታስጮኸው ተማሪሽ ነገ ጠዋት እየጠበቀችሽ ነው።»

«እንዳሻት ታስጩኸው» አለች እየሳቀች። «እመጣለሁ።»