ማዳምን ማዘል ያስተማርኩበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ ከዶራ ሰፈር በተሳፈርኩበት ቫን ውስጥ አንድ ሕፃን እስከ አንጠልያስ እኝ እኝ ሲል ሄደ። ለቅሶ እንዳልለው እንባ የለውም። እናትየው ብስኩት ሰጠችው፣ ጣለው፤ ስልኳን ሰጠችው፣ ገፋው። ሰዉ ፊቱን ሲያኮሳትር እኔ ሳቄን ልደብቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ካሪም ትዝ ብሎኝ ነው።

ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር፣ እነማዳም ቤት በሠራተኝነት ስገባ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጃቸው ካሪም ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በመነጫነጭ ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ አይስተካከለውም። ዳቦውን ዛዕታር የሚሉትን ቅመም ስቀባለት ለብኔ፣ እርጎውን፣ ይላል፤ ለብኔ ስቀባለት ዛዕታሬን ብሎ እኝ። ማዳም ደግሞ ገና ከመግባቴ፣ ልጁ ካልተነጫነጨ እሑድ እሑድ መውጣት ትችያለሽ ብላኛለች። በአምስት ወር አንድም እሑድ አልወጣሁም። ታላቅ እኅቴ እዚያው ዶራ ነበር የምትሠራው። ከአንድ እናት ወጥተን፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ተራርቀን፣ በስልክ ብቻ!

የብርቱካን አበባ መንደሩን በሚያውድበት በሚያዝያ፣ ተቡሌ ለሚሉት ሰላጣ ቅጠል ስከትፍ ካሪም እግሬን ይዞ ሲነጫነጭ ትዕግሥቴ አለቀ። አንሶላ አንስቼ ጥፍር አድርጌ አዘልኩት። ዝም አለ! ከትፌ ሳልጨርስ ጉንጩን ትከሻዬ ላይ ለጥፎ እንቅልፍ ወሰደው። እኛ አገር ልጅ ማዘል ምን ጥበብ አለው? እዚህ ግን ሐኪም የሆንኩ መሰለኝና ሳምንቱን ሙሉ አዘልኩት።

ሞኝነቴ የገባኝ እሑድ ጠዋት ነው። ለብሼ በሩ ጋ ስደርስ ካሪም አንሶላውን እየጎተተ መጣና ጀርባዬን እየደበደበ እሪ አለ።

“አየሽው? ኸላስ፣ ዛሬም አትወጪም” አለች ማዳም።

እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ድፍረት መጣልኝ። አረብኛ አንቱታ ስለሌለው ደግሞ አቀለለልኝ።

“ማዳም፣ ጎንበስ በይ።”

“እኔ?”

“እናቱ አይደለሽ? ያላ!”

ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ፀጉሯን ገና የተሠራች ሴት ጎንበስ አለች። ልጁን ጀርባዋ ላይ አድርጌ አንሶላውን በብብቷ ሥር አሳልፌ ደረቷ ላይ ቋጠርኩት።

“ሊወድቅ ነው!” ብላ ጮኸች።

“አይወድቅም፤ ወዝወዝ በይ።”

ወዝወዝ አለች። ከማዶ በረንዳ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤቷ አይታ በሳቅ ፈረሰች። ማዳምም ሳቀች። ካሪም ዝም አለ።

“ሂጂ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ!” አለችኝ በሹክሹክታ።

ደረጃውን በሩጫ ጀመርኩትና መሐል ላይ ቆምኩ። ጆሮዬን ወደ ላይ ጣል አደረግሁ። ምንም። አምስት ወር ዝም እንዲል የተሳልኩበት ልጅ ዝም ሲልልኝ ቅናት ጠቅ አደረገኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት እያልኩ ወጣሁ። ቁጭቱ የቆየው ግን ዶራ እስክደርስ ነው። እኅቴ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም የማንም ልጅ ትዝ አላለኝም። ፋላፌላችንን ገዝተን እየሳቅን፣ እያለቀስን በላን።

የቫኑ ሕፃን አንጠልያስ ሲወርድ ሾፌሩ “ሐምዱሊላ!” አለና ሁላችንም ሳቅን። ከካሪም ወዲህ እኔም ወልጃለሁ፤ አገር ቤት ያሉት ልጆቼ አድገዋል። በደወልኩ ቁጥር፣ ሲቸግራቸው እንኳ፣ “ደህና ነን፣ እማዬ፣ አታስቢ” ይሉኛል። ስልኩን ዘግቼ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ በተነጫነጩብኝ እላለሁ።