በበርበሬው ክፍል የተመሰጥኩ ለት

ዛሬ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህራችን ድምፅ ማጉያውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና፣ «ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ በግቢያችን የጸጥታ ክፍል ይከፈታል፤ ኃላፊዋም ከአሥራ አንደኛ ክፍል ሰብለ ናት» አሉ።

ሰልፉ ደርቆ ቀረ። ከኋላዬ የቆመው ልጅ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «አንቺ፣ ዱላም ይሰጡሻል?» አለችኝ። በዚህ ዘመን በእኛ ከተማ «ጸጥታ» ሲባል ዝምታ ትዝ የሚለው ሰው የለማ! ርዕሰ መምህሩም ነገሩ ገባቸውና፣ «ዝምታ! የዝምታ ክፍል! ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ የምትተነፍሱበት!» ብለው አረሙት። ሰልፉ ያን ጊዜ ተነፈሰ። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት መዝሙሩን ከሁለተኛው ስንኝ ጀመርኩት።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ለግድግዳ ጋዜጣው ጻፊ ተብያለሁ። ድሮ ቢሆን «እኔ መጻፍ አልችልም» ብዬ እሸሽ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበልኝ ወዲህ ግን ማን ይቻለኝ? ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን፣ ያኔ ያስለቀሰኝን፣ አሁን ሳስበው ብቻዬን የሚያስቀኝን ነገር ልንገራችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ ነው፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ጎንደር አክስቴ ዘንድ እኖር ነበር። አክስቴ ጥሩዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ያን ዓመት ትምህርት ቤት እንደ ሱቅ በር ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። መንገዱም እንደዚያው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ሁላችንም እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ጊዜ ተላለፈ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ስለሚያልበኝ ወረቀቱ ጣቴ ላይ ይጣበቃል።

ይህን ያየችው የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር አልማዝ ናት። አንድ ቀን ክፍሉን ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍኑ አለችን። ትንፋሻችንን እስከ አሥር እንድንቆጥር፣ እንደገና ከአንድ እንድንጀምር አስተማረችን። «ይኼ ተመስጦ ይባላል» አለች። ምነው ሌላ ስም በሰጠችው!

በአክስቴ ቤት ጸጥ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ በማዳበሪያ የሚቀመጥበት ጓዳ። በሩን ዘግቼ ሽሮ ማዳበሪያ ላይ እግሬን አጣምሬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ሆዴ ብቻ እንደ ጠላ ጋን ሲንቦጫቦጭ ዋለ። በሁለተኛው ቀን መዳፌን ነዘረኝ፤ ቀጥሎ እጆቼ ማበጥ ጀመሩ፤ አደጉ፣ አደጉና ሁለት ድፎ ዳቦ አክለው ጭኔ ላይ ተኙ። ቀስ ብዬ አንድ ዓይኔን ገልጬ ሳይ እነዚያው ቀጫጭን እጆቼ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አናቴ ላይ ጉንዳን ወረደ። ከዚያ ሚኒባስ ጉብታ ሲዘል ሆድ ወደ ላይ እንደሚቀር ዓይነት፣ ከመሬት ከፍ ያልኩ መሰለኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ፈራሁ። ግን ያን ቀን ማታ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብን ብዬ ተኛሁ፤ ስለዚህ አልተውኩትም።

በአራተኛው ቀን ፊቴ በእንባ ርሶ ስወጣ አክስቴ በሩ ላይ ሽሮ ስትነፋ አገኘችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ተመስጦ ላይ ነበርኩ፣ አክስቴ። ከመሬት ከፍ ከፍ አልኩ።»

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ።

እንደምታውቁት በቤተ ክርስቲያን አፍ ተመስጦ ማለት የቅዱሳን ሥጋ እዚሁ ቀርቶ ነፍሳቸው ወደ ሰማይ ስትነጠቅ ነው። እኔ ትንፋሽ መቁጠር ማለቴ ነበር። አክስቴ ግን ወዲያው ስልኳን አንስታ ትክል ድንጋይ ደወለች። «አያ፣ ልጅህ ተመስጣለች!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሻይ ይጠጣሉ?» አለችኝ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም፤ አንቱ የተባልኩት እኔ ነኝ! ሳይመሽ ጎረቤታችን መጥታ የጠፋች ዶሮዋ በምን አቅጣጫ እንደምትታየኝ ጠየቀችኝ።

አባቴ በማግስቱ ደረሰ። ሰኔ ነው፤ ቡትስ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል፤ በፌስታል በሶ ይዟል። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበር ገድል ያውቃል። ጓዳው በር ላይ ሲደርስ ቆመና ጫማውን አወለቀ። ይኼን ሳይ ስቄ ልሞት ነበር፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን ሳቄን አጠፋው።

«ከመንፈስ ይሁን ከሌላ ያልታወቀ ነገር በከተማ አይቀመጡበትም። ነገ ይዤሽ እገባለሁ። ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቂያለሽ።»

«አባባ፣ ፈተናው እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው!»

«ፈተና ይደርሳል።»

«መንገዱ ቢዘጋስ? እዚያው ብቀርስ?»

ከሰፈራችን ልጆች እንዲህ «ለጥቂት ቀን» ብለው ሄደው ያልተመለሱ ሁለት አውቅ ነበር። ሮጬ ቲቸር አልማዝን ጠራኋት።

ቲቸር መጥታ ስትገልጽ አባቴ በጥርጣሬ ሰማት። ነርቭ አለች፣ ጭንቀት አለች፣ ሰውነት ሲፈታ ይነዝራል፣ ይሞቃል፣ ያበጠ ይመስላል አለች። «ከከበዳት ዓይኗን ገልጣ ተነስታ መሄድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።» አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ እርስዎ ራስዎ አሥር ደቂቃ ተቀምጠው ይዩት። ምንም ካልተሰማዎት ይውሰዷት» አለችው።

አክስቴ አማተበች። አባቴ በካልሲው ገባ። በሩ ተዘጋ።

በውጭ የቆምነው ሦስት ሴቶች ትንፋሻችንን ይዘናል። እኔ ሕይወቴ ከዚያ በር ጀርባ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚቆጥር መሰለኝ። መጀመሪያ ዝም። ቀጥሎ አንድ ማስነጠስ። ቀጥሎ አራት በተከታታይ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «ዷ!» የሚል ድምፅ። በሩን ስንከፍት አባቴ ሽሮው ማዳበሪያ ላይ በደረቱ ተዘርግቷል፤ ግማሽ ፊቱ ሽሮ ነው።

«እግሬ የለም!» አለ። «እጄ ደግሞ... እጄ እንደ ድፎ ዳቦ ነው ያበጠ! ይኼን የድፎ ነገር እሷ ነግራችሁ ነበር?»

ስለ ድፎው ማንም አልነገረውም ነበር። ቲቸር አልማዝ ልትደግፈው ስትገባ እሷም አስነጠሰች፤ እሷም አለቀሰች። በዙሪያዋ ያሉትን ማዳበሪያዎች አየቻቸው። «ሰብለ፣ ተመስጦ ስልሽ በርበሬ ውስጥ አልኩሽ?»

አባቴ ሽሮውን ከፂሙ እያራገፈ ብዙ አሰበ። «እኔ ምኔ ቅዱስ ነው?» አለ በመጨረሻ። «ትናንት እንኳ ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ተጣልቻለሁ። እኔን የሚመስጥ ነገር ከሰማይ አይደለም። ልጂቱ ትፈተን።» አክስቴ ያን ምሽት ወደ አንቺ መለሰችኝ፤ ዕቃም አሳጠበችኝ።

አባቴ ግን አልሄደም። ፈተናው እስኪያልቅ ጠበቀኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በረንዳው ላይ ሁለት በርጩማ አውጥተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ከዚያ በሶ እንበላለን። አንድ ቀን ቆጥሬ ሳበቃ ዘወር ብዬ አየሁት። ዓይኑ እንደተጨፈነ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ያን ዓመት እሱ ስንት ነገር ተሸክሞ እንደከረመ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እንዳየሁት ሲያውቅ በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣ «በርበሬው ነው» አለኝ። በረንዳው ላይ በርበሬ አልነበረም። «አዎ፣ ኃይለኛ ነው» አልኩት።

በፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲታደል መዳፌን ነዘረኝ። «መጣህ?» አልኩት ንዝረቱን በሆዴ፣ እንደ ድሮ ጓደኛ፤ ቆጠርኩ፤ ጻፍኩ። አለፍኩ።

ዛሬ ከሰልፉ በኋላ ለአባቴ ደወልኩለት። «የዝምታ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ» አልኩት። «ሸጋ ነው። በርበሬ የለበትም አይደል?» አለኝ።

የለበትም። ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው፣ የተሰበረ ዴስክ ይከማችበት የነበረው ክፍል ነው፤ አጥበነዋል። ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ኑ። እጃችሁ ቢያብጥ፣ አናታችሁን ጉንዳን ቢወረው፣ ሆዳችሁ ቢጮህ አትደንግጡ፤ እኔ በሩ አጠገብ አለሁ፣ ንገሩኝ። ቤት ስትገቡ ግን ለአክስቶቻችሁ ቃል መርጣችሁ ተናገሩ። ደግሞ ከመካከላችሁ እንባ የሚመጣው ቢኖር «በርበሬው ነው» ይበል። አምነዋለሁ።