ለወጉ ያልኩት እምቢ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ወንበር መደርደር ነበር። ጄኔቫ፣ ፓኪ፣ ከባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ባለው የሰፈሩ ሰዎች መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። እኔም እንደ አገሬ አዳራሽ በመስመር በመስመር ደረደርኳቸው። አለቃዬ ሙስዬ ሮላን ገብተው አዩና፣ «እዚህ ተመልካች የለም፤ በክብ ነው» አሉኝ። ሁሉንም አንሥቼ እንደገና በክብ አስቀመጥኩ።

ሙስዬ ሮላን ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ባንጆ ይመታሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው እየሰበሰቡ ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ያስተምራሉ። ጊታር፣ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ተቁሞ የሚመታ ትልቅ ቤዝ። ከበሮ የለም፣ ማጉያ የለም፣ ኖታም የለም፤ በጆሮ ነው። እኔ አዲስ አበባ በሆቴል ባንድ ውስጥ ቫዮሊን ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ጄኔቫ ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ፣ ማታ ደግሞ የሙስዬ ሮላን ረዳት ሆንኩ። ሥራዬ ወንበር መደርደር፣ የጀማሪዎችን መሣሪያ መቃኘትና ማጀብ ነው።

የክቡ ደንብ ቀላል ነው። መሪው ዘፈኑን ይጠራል፣ ሁሉም ያጅባል። ከዚያ መሪው አንዱን በአገጩ ይጠቁማል፤ የተጠቆመው ዜማውን ብቻውን ይጫወታል። ሶሎ ማለት እሱ ነው። ያልፈለገ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተራው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፣ የሚቀየም የለም። መሪው አንድ እግሩን ካነሣ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው።

በዚያው በመጀመሪያው ዕለት ሙስዬ ሮላን በአገጫቸው ጠቆሙኝ። እኔ ደግሞ አሳዳጊ ያለኝ ሰው ነኝ! ታላላቆቼ ተቀምጠው እንዴት ዘልዬ እገባለሁ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበር አደረግሁ። «ኧረ እርስዎ ይቀጥሉ» ማለቴ ነው። እንዲለምኑኝ ነው፤ ቢያንስ ሁለቴ። እሳቸው ፈገግ ብለው ወደ ማንዶሊኑ ዞሩ። በቃ! ለዚያ ዕለት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የተለማመድኩትን ዜማ ማንዶሊኑ እያበላሸ ተጫወተው።

በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው ሆነ፣ ከዚያም በኋላ። ውለው አድረው እኔን መጠቆም ጭራሽ ተዉት። አንድ ቀን ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «ታምሩ፣ ማጀብ ብቻ እንደምትወድ ገብቶኛል። ምርጫህን አከብራለሁ» አሉኝ። አንጀቴ አረረ። «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ነገር ባለቤቴ አስቴር ናት። አስቴር ዙሪክ፣ አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር የትራም ጋራዥ ውስጥ በጽዳት ተቀጥራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አድሊስቪል ቤት ተከራይታ ነበር። ባልና ሚስት ነን እንላለን እንጂ የምንተያየው ባቡር ጣቢያ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። እሷም እዚያ፣ እኔም እዚህ ብቻችንን ራት እንበላለን። አብረን ለመኖር የቀረን አንድ ነገር ነበር፤ ለእኔ ዙሪክ ሥራ ማግኘት።

ሥራውም በእግሩ መጣ። አልትሽቴተን ያለው የብሉግራስ ጀማሪዎች ክብ ደመወዝ የሚከፈለው መሪ ፈለገ። ኃላፊዋ ፍራው ሄዲ፣ በእኛ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ፓኪ ድረስ መጥታ ስንጫወት አየችን። በዕረፍቱ ወደ እኔ ቀረብ አለችና፣ «ሄር ታምሩ፣ ሲቃኙም ጀማሪ ሲያግዙም አየሁ። ዙሪክ መጥተው ክቡን ቢመሩልን ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አፌ ግን ምን አለ? «ኧረ እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ከእኔ የተሻለ አይጠፋም።»

«ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» ብላ ጨበጠችኝና ወደ ጊታር ተጫዋቹ ሄደች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሁለተኛ እንድትጠይቀኝ ፊት ለፊቷ ተመላለስኩ። ወንበር አነሣሁ፣ ወንበር አስቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንዴ ቀና ብላ ስታየኝ ተስፋዬ ለመለመ። የብስኩት ሳህን ዘረጋችልኝ። «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። እሱንም ሁለተኛ አላቀረበችልኝም።

ማታ ለአስቴር ደወልኩላት።

«እና ምን አልካት?»

«ለወጉ ያህል... አልበቃም አልኳት።»

ፈነዳች። «ለወጉ! እኔ እዚህ ከግድግዳ ጋር እያወራሁ፣ አንተ ለወጉ! ሰውዬ፣ ሽማግሌ ይላክልህ? እኔን ሲቀጥሩኝ ባልዲ ማንሣት ትችያለሽ ወይ ብለው ሳይጨርሱ ነው ባልዲውን ያነሣሁት። የተግደረደረ ጦሙን ያድራል!»

«ነገ እደውልላታለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ስልክ አይደለም። እሁድ መጥተህ ፊት ለፊት ትነግራታለህ።»

እሁድ የጄኔቫና የዙሪክ ክቦች አልትሽቴተን ተገናኝተው አብረው የሚጫወቱበት ቀን ነበር። ቫዮሊኔን ይዤ በባቡር ሄድኩ። አስቴርም መጣች። ተመልካች አይፈቀድም ብላት ማን ይሰማኛል? ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ክቡን የምትመራው ሄዲ ናት። አገጯን ወደ እኔ አቅጣጫ አነሣች። ጊዜ አላጠፋሁም፣ ገባሁበት። ለካስ የጠቆመችው አጠገቤ ያለችውን ባለማንዶሊን ኖሯል! ሴትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ግን አንዴ ከገባሁ ማን ያስወጣኛል? ስንት ወር የተጠራቀመ ሶሎ ነው። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ከዚያም ሌላ። ስዊሶቹ ሰው ማቋረጥ ነውር ስለሆነባቸው ያጅቡኛል። ሙስዬ ሮላን እግራቸውን አነሡ፤ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ሲደክማቸው መልሰው አወረዱት። አስቴር ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች።

ያቆምኩት ክሩ ሲበጠስ ነው። ላቤ እየተንቆረቆረ ተነሣሁና በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ «ሥራውን እፈልጋለሁ። ያን ዕለትም እፈልግ ነበር» አልኩ።

ሄዲ ግራ ገባት። «ግን አልበቃም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም። ደግመው እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«ሦስቴ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ሄዲ ጊታሯን ጭኗ ላይ አስተኛች። «ከእርስዎ በኋላ የጠየቅኋቸው ሁሉ እምቢ አሉ። የእነሱ ግን የእውነት ነበር። ዛሬ የመጣሁት የጀማሪዎቹ ክብ ይዘጋል ብዬ ልናገር ነው» አለች። ከዚያ እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ወጉን በሥርዓቱ ልታደርስ ጀመረች። «እንግዲህ አንደኛ፤ ሄር ታምሩ፣ ይፈልጋሉ...»

«እሺ ብሏል!» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። አስቴር ናት።

የዚያን ዕለት ማታ አድሊስቪል አብረን ራት በላን። ደስታዬን አልደብቅም፤ እንባ እንባ ይለኝ ነበር።

አልትሽቴተን ብዙ ዓመት መራሁ። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ጡረተኛ ያገሬ ልጅ ጊታር ይዘው መጡ። ስጠቁማቸው፣ «ኧረ አቶ ታምሩ፣ እኔ ምን አውቄ!» አሉ። ዓይናቸው ግን ክሩ ላይ ነው። ሕመሙን ስለማውቀው ዘፈኑን አስቁሜ፣ «በሞቴ፣ አንድ ዙር ብቻ!» እያልኩ ለመንኳቸው። ተጫወቱ፤ የክቡን ሰው ሁሉ መሬቱን በእግሩ አስመቱት።

መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ስዊሶቹ ልመናው ጣማቸው። ገና ሲጠቆም ዘሎ ይገባ የነበረው መሐንዲስ ሳይቀር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጠበቅ ለመደ። «በሞቴ በሉኝ» የሚል የዙሪክ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። አንዱን ዘፈን ስንለማመን ጊዜው ያልቃል። በመጨረሻ እኔው ራሴ ደንብ አወጣሁ፤ ልመና ቀረ፣ መጠቆም አንዴ ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ወይዘሮ ብርቄ ገና ሳልጠቁማቸው ገቡበት።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ክብ ለመምራት ለምትጀምሩ የማውቀውን ልንገራችሁ። መሣሪያ ሰው ሳይመጣ ቃኙ፤ ወንበር በክብ ደርድሩ። ሥራው ሲቀርብላችሁ፣ ከፈለጋችሁ እፈልጋለሁ በሉ። እዚህ አገር ሰው የምትሉትን ያምናችኋል።